በሸራ ጀልባ አንድ ሳምንት በክሮኤሺያ ደሴቶች፦ ጥያቄና መልስ

የክሮኤሺያ ክፍል በሆነችው በዳልማሺያ የባሕር ዳርቻ በሸራ ጀልባ መጓዝ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ የሄድኩት ተሳፋሪ ሆኜ ነበር፤ በኋላ ፈተናውን ወስጄ ፈቃድ ስላገኘሁ አሁን ቤተሰብና ጓደኞች ይዤ ራሴ እመራለሁ። ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጠይቁኝ ወገኖች ስለበዙ፣ ለጥያቄዎቹ እዚህ አንድ ላይ እመልሳለሁ። ሰዓቶቹን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመታቱንና ወራቱን ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ «በጋ» ስልም የአውሮፓን ሞቃት ወቅት፣ «ክረምት» ስል ቀዝቃዛውን ማለቴ ነው።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ስድስት ጓደኛሞች ነን። ከስፕሊት ወደብ ተነሥተን የህቫርን፣ የቪስን፣ የኮርቹላንና የላስቶቮን ደሴቶች፣ የዱብሮቭኒክንም ከተማ አይተን በሳምንቱ ለመመለስ አቅደናል። ጊዜው ይበቃናል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ብትሞክሩትም ሳምንቱ በሞተር ድምፅ ያልቃል። ጀልባው የሚሰጣችሁ ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነው። የኪራይ ውሉ ደግሞ ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ላይ ወደ ተነሣችሁበት ወደብ እንድትመለሱና ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ከጀልባው እንድትወርዱ ያስገድዳል። ስለዚህ «ሳምንት» የሚባለው በእውነቱ ከስድስት ቀን ብዙም የማያልፍ የጉዞ ጊዜ ነው። ተራ የሸራ ጀልባ በሰዓት አምስት ወይም ስድስት የባሕር ማይል ይጓዛል፤ አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ከስፕሊት ዱብሮቭኒክ ደርሶ መልስ ወደ 200 የባሕር ማይል ስለሚሆን፣ ምንም ባትቆሙ እንኳ ከ33 ሰዓት በላይ ይፈጅባችኋል።

እኔም በሁለተኛው ጉዞዬ ይህንኑ ስሕተት ሠርቻለሁ። ላስቶቮን ካላየሁ ብዬ የደሴት ዝርዝር ይዤ ወጣሁ፤ ቪስ እንደደረስን የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ተነሣና ሁለት ቀን ሙሉ ከወደቡ መውጣት አልቻልንም። ላስቶቮ ቀረ፤ የቀሩትን ሁለት ቀናትም ማዕበሉ ገና ሳይበርድ በሩጫ ስንመለስ አሳለፍናቸው፤ ባለቤቴም ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ጀልባ አልረገጠችም። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አጥብቄ ይዣለሁ፤ ለጉዞው የሚወጣው ዕቅድ ከዓርብ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይሠራል፣ ቢያንስ አንድ ቀን ባዶ ይተዋል፣ ከአራት ደሴት በላይም አይጻፍበትም። ለእናንተ የምመክረው በስፕሊት አቅራቢያ ካሉት ወደቦች ከካሽቴላ ወይም ከትሮጊር ተነሥታችሁ ቅዳሜ ማታ እዚያው እንድታድሩ፣ እሑድ ወደ ሾልታ ደሴት ወይም በብራች ደሴት ወዳለችው ሚልና እንድትሻገሩ፣ ሰኞ ህቫር አጠገብ ወዳሉት የፓክሌኒ ደሴቶች፣ ማክሰኞ ወደ ቪስ እንድትሄዱ ነው። ረቡዕን ባዶ ተዉት። ሐሙስ ወደ ሰሜን መመለስ ጀምሩ። ዱብሮቭኒክንና የምልየትን ደሴት ማየት የሚፈልግ ሌላ ጊዜ ጀልባውን ከዱብሮቭኒክ ይከራይ።

ጥያቄ (ከሮም)፦ ቡራና ዩጎ ስለሚባሉት ነፋሶች ብዙ ሰው ያስፈራራል። ለጀማሪ በሚገባ መንገድ ቢያስረዱን?

መልስ፦ መፍራቱ አይጎዳም፤ ማወቁ ግን ይበልጣል። ከሁሉ አስቀድሞ ወዳጅ የሆነውን ነፋስ ላንሣ። ማኤስትራል የሚባለው የበጋ ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፤ ምክንያቱም ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከባሕሩ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚሞቅ፣ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከባሕሩ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ይይዛል። ጠዋት ባሕሩ እንደ መስታወት ይተኛል፤ ከ5 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነፋሱ ይመጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሞታል። በጣና ላይ ወደ ገዳማቱ የተጓዘ ሰው ጠዋት መውጣት ለምን እንደሚመረጥ ያውቃል፤ ጠባዩ ይመሳሰላል።

ዩጎ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣ፣ እርጥበትና ደመና የተሸከመ ነፋስ ነው። አንድ ወይም ሁለት ቀን ወስዶ ስለሚያድግ ያስጠነቅቃል፤ ነገር ግን በረጅም የባሕር ስፋት ላይ ስለሚነፍስ የሚያስነሣው ማዕበል ከፍተኛ ነው። ቡራ ግን ሌላ ነው። ከዳርቻው ጀርባ ካሉት ተራሮች ላይ የተጠራቀመ ቀዝቃዛ አየር በሸለቆዎቹ በኩል ወደ ባሕሩ ሲወርድ የሚፈጠር የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ በመሆኑ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰዓት እንኳ በድንገትና በምት በምት ይመጣል። በተራሮቹ ጫፍ ላይ እንደ ነጠላ የተጣለ ነጭ ደመና ካያችሁ አትዘግዩ፣ ወደተከለለ ወደብ ግቡ። በክረምት እጅግ ከባድ ነው፤ በበጋም የሚመጣበት ቀን አለ። ከእነዚህ ሌላ ኔቬራ የሚሉት የበጋ የነጎድጓድ ዝናብ አለ፤ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ቢሆንም መልሕቅ ይነቅላል።

ከዚህ የሚከተለው የሥራ ደንብ ቀላል ነው። በየጠዋቱና በየማታው የክሮኤሺያን የሜትሮሎጂ ተቋም የባሕር ትንበያ ታነባላችሁ፤ ከዚያ በኋላ የምታድሩበትን ቦታ የምትመርጡት በውበቱ ሳይሆን ለየትኛው ነፋስ ክፍት እንደሆነ በማየት ነው። ለምሳሌ የቪስ ከተማ ወደብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ክፍት ስለሆነ በቡራ ጊዜ ምቾት የለውም፤ በዚያው ደሴት ያለችው የኮሚዣ ወደብ ደግሞ ወደ ምዕራብ ክፍት ናት። ሚልና ከአብዛኛው ነፋስ የተከለለች በመሆኗ ስጠራጠር የምሄደው ወደዚያ ነው።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ ጀልባ መሪ መቅጠር ይሻላል?

መልስ፦ ጀልባውን ራሳችሁ የምትመሩ ከሆነ ከመካከላችሁ አንዱ በክሮኤሺያ የባሕር ሚኒስቴር ዝርዝር ውስጥ ያለ የመሪነት ምስክር ወረቀትና የሬዲዮ መገናኛ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ወረቀታችሁ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ፤ በወደቡ ላይ የሚገኝ ምሕረት የለም። ወረቀት ያለው ሁሉ ደግሞ ጀልባ ማሰር አይችልም። በእነዚህ ወደቦች ጀልባው የሚታሰረው በኋላው ወደ መድረኩ ተጠግቶ፣ ከፊት ደግሞ ከባሕሩ ወለል በሚነሣ ገመድ ነው፤ ይህን በጎን ነፋስ ውስጥ፣ በግራና በቀኝ የሰው ጀልባ እያለ መሥራት ልምምድ ይጠይቃል። የመጀመሪያ ጉዟችሁ ከሆነ መሪ ቅጠሩ። የቀን ክፍያው በአብዛኛው ከ150 ዩሮ በላይ ሲሆን ምግቡና መኝታው በእናንተ ነው፤ ስለዚህ ጀልባ ስትመርጡ ለእርሱ አንድ አልጋ ቁጠሩ።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ ከስምንታችን ሦስታችን ዋና አንችልም። ይህ ጉዞ ለእኛ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ ይሆናል። ብዙዎቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ስለሆነ ዋና አለመቻል የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የሚያሳፍረው እሱን ደብቆ መሳፈር ነው። በመጀመሪያው ምሽት ለመሪው በግልጽ ንገሩት። የሕይወት አድን ጃኬቱን ገና በወደብ ሳላችሁ በልካችሁ አስተካክላችሁ ልበሱት፤ ጀልባው ሲንቀሳቀስ፣ በሌሊትና በትንሿ የጎማ ጀልባ ወደ የብስ ስትሻገሩ አይውለቅ። የውኃ ዳርቻዎቹ አብዛኞቹ አሸዋ ሳይሆኑ ዓለት ናቸው፤ ጥልቀቱም ከጀልባው ሥር ወዲያው ብዙ ሜትር ስለሚሆን «እግሬ ይነካል» ብሎ መውረድ አደገኛ ነው። በወለሉ ላይ የባሕር ጃርት ስለሚኖር የውኃ ጫማ ለሁሉም ያስፈልጋል። አደጋ ቢደርስ የባሕር ፍለጋና ነፍስ አድን ስልክ 195 ነው፤ በሬዲዮ ደግሞ ቻናል 16። ሁለቱንም ዋና የማይችሉትም ጭምር ይወቋቸው፤ ውኃ ውስጥ የወደቀው መሪው ራሱ ሊሆን ይችላልና።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዤ የኤምሬትስ መኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ቪዛ ያስፈልገኛል? ወንድሜ ከጀርመን ነው የሚመጣው።

መልስ፦ ለእርስዎ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ክሮኤሺያ በ2023 መጀመሪያ ወደ ሸንገን ቀጣና ስለገባችና ዩሮንም በዚያው ቀን መጠቀም ስለጀመረች፣ ወንድምዎ በጀርመን መኖሪያ ፈቃዱና በፓስፖርቱ ይገባል። የሚያስጠነቅቅ ነገር አንድ አለ፤ ቦስኒያና ሞንቴኔግሮ ከሸንገን ውጭ ናቸው። ቪዛዎ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ከዱብሮቭኒክ ወደ ሞንቴኔግሮዋ ከተማ ኮቶር ቢሻገሩ መመለስ አይችሉም። ከስፕሊት ወደ ዱብሮቭኒክ በመኪና ለሚሄድ ሰውም ቀድሞ በኔዩም በኩል የቦስኒያን ድንበር ማቋረጥ ግድ ነበር፤ የፔልየሻትስ ድልድይ በ2022 ከተከፈተ ወዲህ ግን በክሮኤሺያ መሬት ብቻ መሄድ ይቻላል።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ከኪራዩ ሌላ የማይነገሩ ወጪዎች ምን ምን ናቸው?

መልስ፦ ይነገራሉ፤ ግን በትንሹ ተጽፈው ነው። የመጨረሻ ጽዳት፣ አንሶላና ፎጣ፣ የትንሿ ጀልባ ሞተር፣ የጎብኚ ግብርና ነዳጅ ከኪራዩ በላይ ይመጣሉ። ከዚህ ሌላ ብዙ ጊዜ ከ1,500 እስከ 3,000 ዩሮ የሚደርስ መያዣ በካርድ ይያዛል፤ ካርዱ በአንዳችሁ ስም ስለሚሆን ጉዳት ቢደርስ እንዴት እንደምትካፈሉ ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። በጓደኛሞች መካከል ቅሬታ ሲነሣ ያየሁት በዚህ ነው። ማሪና በሚባሉት የታወቁ የጀልባ ማደሪያ ወደቦች 12 ሜትር ላለው ጀልባ የአንድ ሌሊት ክፍያ በበጋ ከ100 ዩሮ ያልፋል። በባሕር ሰርጦች ውስጥ ባሉት ተንሳፋፊ ማሰሪያዎች ላይ ማደር ይረክሳል፤ ገንዘቡን የሚሰበስበው ሰው በጀልባ መጥቶ ደረሰኝ ይሰጣል። አንዳንድ ምግብ ቤቶች እነሱ ዘንድ ለሚበላ ሰው ማሰሪያውን በነፃ ይሰጣሉ።

ጥያቄ (ከሙኒክ)፦ የምንሄደው በፍልሰታ ጾም ነው። ምግቡ እንዴት ይሆናል? ቡናስ ማፍላት ይቻላል?

መልስ፦ ጾሙ ከኦገስት 7 ጀምሮ ስለሚገባ በትክክል በበጋው ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ሆኖም ዳልማሺያ ለጿሚ የሚመች አገር ነው። ብሊትቫ የሚባለውን ቆስጣ ከድንች ጋር በወይራ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት ሠርተው በየምግብ ቤቱ ያቀርባሉ፤ ባቄላ፣ ቲማቲም፣ በለስና ጥሩ ዳቦም አለ። ያለ ቅቤ እንዲሆን ግን ስታዝዙ አስረዱ። ሽሮና በርበሬ ይዛችሁ ሂዱ፤ በጀልባው የጋዝ ምድጃ ላይ ሽሮ በሃያ ደቂቃ ይደርሳል። ከጾሙ ውጭ ለሚሄዱም ላስታውስ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ መንገደኛ ንጥር ቅቤና ቋንጣ ማስገባት የተከለከለ ነው።

ቡናውን በተመለከተ፣ ከሰል በጀልባ ላይ ፈጽሞ አይነደድም፤ ጀልባው የተሠራበት ፋይበርና ሸራው እሳት ሊይዛቸው ይችላል፤ በደሴቶቹ ላይም በበጋ ክፍት እሳት ማንደድ ክልክል ነው። እኛ ቡናውን ቤት ቆልተን እንወስድና መልሕቅ ጥለን በተረጋጋ ውኃ ላይ ሳለን ጀበናውን በጋዙ ላይ እንጥዳለን። ሲኒው ከፕላስቲክ ወይም ከብረት ይሁን። ማኤስትራል በሞተበት ምሽት፣ በፓክሌኒ ደሴቶች መካከል ሦስተኛው እስኪደርስ ተቀምጠን የተጨዋወትነው ጨዋታ ከጉዞው ሁሉ የማልረሳው ነው።

ጥያቄ (ከፓሪስ)፦ የትኛው ወር ይሻላል?

መልስ፦ ጁን አጋማሽ ወይም ሴፕቴምበር። በሴፕቴምበር ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፣ ዋጋውም ወርዷል።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ ካነሣችኋቸው ደሴቶች አንዷ ላይ ሁለት ሌሊት ማደር ብንችል የትኛዋን ይመርጣሉ?

መልስ፦ ቪስን፣ ያለ ጥርጥር። የዩጎዝላቪያ ጦር ሠፈር ስለነበረች እስከ 1989 ድረስ ለውጭ አገር ሰው ዝግ ነበረች፤ በዚህም ምክንያት በሌሎቹ ላይ የተሠራው ትልልቅ ሆቴል እዚያ ብዙም የለም። የዩጎዝላቪያው መሪ ማርሻል ቲቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1944፣ ውጊያውን የመራበት ዋሻም በደሴቲቱ ተራራ ላይ ይገኛል። እኚሁ ሰው በ1955 ጋሌብ በምትባለው መርከባቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት እንደ ታላቅ እንግዳ እንደተስተናገዱ አባቶቻችን ያስታውሳሉ፤ እኔም ዋሻው ደጃፍ ላይ ቆሜ አባቴ ስለዚያ አቀባበል የነገረኝን አሰብኩ። ከኮሚዣ አምስት የባሕር ማይል ያህል ርቆ ቢሼቮ በምትባል ደሴት ላይ ሰማያዊው ዋሻ አለ፤ ብርሃኑ በጣም የሚያምረው ከጠዋቱ 5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በራሳችሁ ጀልባ መግባት አይቻልም፤ የአካባቢው ሰዎች ትንንሽ ጀልባዎች ያስገቧችኋል። ባሕሩ ከተነሣ ይዘጋል።

ጥያቄ (በድጋሚ ከፍራንክፈርት)፦ ዕቅዱን እንደ ምክርዎ ቀንሰናል። የዓርቡን ቀን እንዴት እናሳልፈው?

መልስ፦ ጠዋት በ2 ሰዓት ተነሡ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጀልባ ነዳጅ ለመሙላት ስለሚመለስ በማደያው ፊት ከአንድ ሰዓት በላይ መጠበቅ ይመጣል፤ እስከ 7 ሰዓት ከደረሳችሁ ግን ቶሎ ይለቋችኋል። ደረሰኙን ያዙ፤ ታንኩ ሙሉ መሆኑን የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ከታሰራችሁ በኋላ ጠላቂ ወርዶ የጀልባውን ሆድ ሊመረምር ይችላል፤ የተሰበረ ወይም የጠፋ ነገር ካለ እነሱ ሳያገኙት እናንተ ቀድማችሁ ንገሩ። መያዣው መለቀቁንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ፣ የታሰራችሁት በትሮጊር ከሆነ፣ ወደ ከተማዋ በእግር ተሻገሩና፣ ራዶቫን የሚባለው ቀራጭ በ1240 የቀረጸውን የካቴድራሉን የድንጋይ በር ፀሐይዋ ሳትጠልቅ እዩ።