ያገለገለ ወርቅ በኢንተርኔት ጨረታ፦ እስከ ስንት ልጫረት?

ጥያቄ፦ ለእህቴ ልጅ ሠርግ የሚሆን የአንገት ሐብል እየፈለግሁ ነው። የሱቁ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ስለሆነብኝ ያገለገሉ የወርቅ ጌጣጌጦች በኢንተርኔት ጨረታ ሲሸጡ መከታተል ጀምሬአለሁ። የለመድኩት ከዱባይ የሚመጣውን ባለ 21 ካራት ወርቅ በመሆኑ፣ እዚህ በብዛት የማየው ባለ 14 ካራት እውነተኛ ወርቅ መሆኑን እንኳ እጠራጠራለሁ። ፎቶግራፍ ብቻ አይቼ እንዴት ልተማመን? እስከ ስንትስ ልጫረት?
አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ባለ 14 ካራት እውነተኛ ወርቅ ነው፤ ከ24 እጅ 14ቱ ንጹሕ ወርቅ፣ የቀረው መዳብ፣ ብርና ሌላ ማዕድን ነው። ጌጡ ላይ 14ኬ ወይም 585 ተብሎ ይታተማል። ባለ 10 ካራቱ 417፣ ባለ 18ቱ 750፣ እርስዎ የለመዱት ባለ 21 ደግሞ 875 የሚል ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ ከሺህ ስንት እጅ ወርቅ እንዳለው ስለሚናገር፣ ክብደቱን ካወቁ የወርቁን ዋጋ ራስዎ ማስላት ይችላሉ፤ ከመጫረትዎ በፊት ሊሠሩት የሚገባው ዋናው ሥራም ይኸው ነው።

ወርቅ በዓለም ገበያ የሚተመነው 31.1 ግራም በሚመዝነው አውንስ ነው። ለስሌት እንዲመች የአውንሱ ዋጋ 3,110 ዶላር ነው እንበል፤ የዕለቱን ዋጋ እርስዎ ይተኩበታል። በዚህ ስሌት የንጹሕ ወርቅ ግራም 100 ዶላር፣ የባለ 14 ካራት ግራም 58 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል፤ 12 ግራም የሚመዝን ሐብልም የ702 ዶላር ወርቅ በውስጡ አለ ማለት ነው። የታዋቂ ጌጣጌጥ ቤት ሥራ ላልሆነ ሐብል ጣሪያዎ ከዚህ ባይበልጥ እመክራለሁ። ሻጩ «የአያቴ ማስታወሻ ነበር» ቢል ወይም ለኢንሹራንስ 3,000 ዶላር የተገመተበትን ወረቀት ቢያሳይ ጣሪያው ከፍ ሊል አይገባም፤ የኢንሹራንስ ግምት አዲስ ለመተካት የሚጠየቀውን እንጂ ያገለገለ ዕቃ በገበያ የሚያወጣውን ዋጋ አይነግርዎትም።

ጣሪያው ግን በጨረታው ላይ የሚጽፉት ቁጥር አይደለም። የጨረታ ቤቶች ባሸነፉበት ዋጋ ላይ ከገዢው የሚወስዱትን ኮሚሽን ይጨምራሉ፤ 20 ከመቶና ከዚያ በላይ ማስከፈላቸውም የተለመደ ነው። ኮሚሽኑ 25 ከመቶ፣ የሜሪላንድ የሽያጭ ግብር 6 ከመቶ፣ የመላኪያው 15 ዶላር ከሆነ፣ በ515 ዶላር ያሸነፉት ሐብል እጅዎ ሲገባ 697 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ብዙ ሰው «ረክሶ ገዛሁ» ብሎ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። እንደ ኢቤይ ባሉ ገጾች ከገዢው ኮሚሽን ስለማይጠየቅ ከጣሪያዎ የሚቀነሰው ግብሩና መላኪያው ብቻ ይሆናል።

እውነተኛው ርካሽ ዕቃ የሚገኘው ሻጩ ዕቃውን በደንብ ሳይገልጸው ሲቀር ነው። ለምሳሌ ጉድዊል የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት በስጦታ ያገኛቸውን ጌጣጌጦች እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሚሠራው የጨረታ ገጹ ይሸጣል፤ እንዲህ ባለ ቦታ መግለጫው አጭር፣ ፎቶግራፉም ደብዛዛ ሊሆን ይችላል። መግለጫው ምንም ያህል ቢያጥር፣ ማህተሙና ሚዛን ላይ የተቀመጠው ጌጥ በግልጽ ከታዩ ይበቃዎታል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሻጩን ይጠይቁ፤ መልስ ካጡ ይተዉት።

ማህተሙን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ጂ ኤፍ» የሚሉ ፊደላት ካሉ ጌጡ በወርቅ የተለበጠ ሌላ ብረት ነው። «1/20 12ኬ ጂ ኤፍ» ማለት ከክብደቱ አንድ ሃያኛው ብቻ ባለ 12 ካራት ወርቅ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ይህ ማህተም ያለበት 12 ግራም ሐብል ያለው ንጹሕ ወርቅ 0.3 ግራም ብቻ ሲሆን፣ በዚያው ክብደት እውነተኛው ባለ 14 ካራት 7 ግራም ይይዛል። «ጂ ፒ» እና «ኤች ጂ ኢ» ከዚህም የሳሳ ቅብ ናቸው፤ 925 ደግሞ ምንም ያህል ወርቅ ቢመስል ብር ነው። ማህተሙ መቆለፊያው ላይ ብቻ ከሆነም ይጠንቀቁ፤ የወርቅ መቆለፊያ ከሌላ ሐብል ጋር ሊገጠም ይችላል፣ በሉል ሐብሎች ላይማ የወርቅ ክብደት ያለው መቆለፊያው ብቻ ነው።

ስለ ፈርጡ ያለኝ አስተያየት ምናልባት ጨካኝ ይመስል ይሆናል፦ የምስክር ወረቀት ከሌለው ዋጋውን ዜሮ አድርገው ያስሉ፣ ክብደቱንም ከወርቁ ላይ ይቀንሱ። ጌጡ ጥንታዊ መሆኑ ለፈርጡ ዋስትና አይሆንም፤ ፈረንሳዊው ቬርኔይ ሰው ሠራሽ ሩቢ የሚመረትበትን ዘዴ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1902 ስለሆነ የቅድመ አያት ቀለበት ላይ የፋብሪካ ሩቢ መገኘቱ አያስገርምም። ሞይሳናይት የተባለውም ድንጋይ ሙቀት በማስተላለፍ አልማዝን ስለሚመስል ተራውን የአልማዝ መመርመሪያ ያታልላል። ጂ አይ ኤ የተባለው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም የምስክር ወረቀት ያለው አልማዝ ከሆነ ቁጥሩን በተቋሙ ገጽ ላይ ያመሳክሩ።

ሲጫረቱ፣ ወጪዎቹን ከጣሪያዎ ቀንሰው ያገኙትን ቁጥር አንድ ጊዜ፣ ጨረታው ሊዘጋ ሰከንዶች ሲቀሩ ያስገቡ። የኢቤይ ሥርዓት ቀጣዩን ተጫራች ለመብለጥ ከሚያስፈልገው በላይ ስለማያስከፍልዎት ይህን ቁጥር ሙሉ በሙሉ መጻፍ አይጎዳዎትም፤ ቀድሞ ማስገባት ግን ሌላው እየደጋገመ እንዲፎካከርዎት ጊዜ ይሰጠዋል። ዕቃው እንደደረሰ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወስደው ያስመርምሩ፤ ከመግለጫው ጋር ካልተጣጣመ ገንዘብዎን የሚያስመልሱበት ጊዜ የተወሰነ ነው።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝ ቀለበቶች ላይ ብዙ ትንንሽ ምልክቶች አያለሁ። ምን ይጠቅሙኛል?
አንባቢ፣ ከለንደን

መልስ፦ በጣም ይጠቅማሉ። በብሪታንያ ከ1 ግራም በላይ የሆነ ጌጥ ወርቅ ተብሎ ለመሸጥ በገለልተኛ መርማሪ ቢሮ መታተም እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ሕግ ያዝዛል፤ የነብር ራስ የለንደን፣ መልሕቅ የበርሚንግሃም፣ ጽጌረዳ የሼፊልድ፣ ግንብ የኤድንብራ ቢሮ ምልክት ነው። በአሜሪካ ማህተሙን የሚያትመው ሠሪው ራሱ ስለሆነ፣ ዋጋቸው እኩል ከሆነ እኔ የብሪታንያውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ «በ1920ዎቹ የተሠራ፣ የወሎ ኦፓል ያለበት የወርቅ ቀለበት» የሚል ጨረታ አገኘሁ። የሀገሬ ድንጋይ ስለሆነ ልቤ ከጅሎታል። ልግዛ?
አንባቢ፣ ከሲያትል

መልስ፦ መግለጫው እንደተጻፈ እውነት ሊሆን አይችልም። በደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ኦፓል ገበያ ላይ መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ነው። ስለዚህ ወይ ቀለበቱ አዲስ ነው፣ ወይ አሮጌው ቀለበት ላይ ፈርጡ በኋላ ተተክቷል፣ አለዚያም ድንጋዩ የሌላ ሀገር ነው። ለቀለበቱ ዕድሜ ተጨማሪ ዋጋ አይክፈሉ። የወሎ ኦፓል ውሃ የሚመጥ ድንጋይ በመሆኑ ሲርስ ክብደቱ ይጨምራል፣ የቀለሙም ጨዋታ እስኪደርቅ ሊጠፋ ይችላል፤ ማቅለሚያም እንደዚሁ ስለሚመጥ ጥቁር ወይም በጣም ደማቅ ሆኖ ከታየ ቀለሙ የተፈጥሮ ስለመሆኑ ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቁ። ከጎንና ከሥር የተነሣ ፎቶግራፍም ያስልኩ፤ ቀጭን የኦፓል ቅጠል በሌላ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ከሆነ መገጣጠሚያው ከጎን ይታያል። የቀለበቱ ሥር በብረት ተደፍኖ ድንጋዩ ከላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ዋጋውን በወርቁ ብቻ ያስሉ።