ሳጥኑን ከቁም ሳጥን ላይ አውርጂው

እህቴ፣ «ያዩ በሚባለው ጫካ ውስጥ መብራት ላይ የመጣ የእሳት እራት የትም ተመዝግቦ አጣሁት፤ አዲስ ዝርያ ከሆነ ስም እንዴት ይወጣለታል?» ያልሽውን አየሁ። እኔ ባሌ ያለው ሐረና ጫካ ባገኘኋት አንዲት ግራጫ የእሳት እራት አራት ዓመት ተንከራትቻለሁ። ግማሹ በራሴ ጥፋት ነው። መብራት ስለሚበራበት አቡጀዲ፣ ስለ ጄኔሬተሩና ነፍሳቱ ስለሚወጉበት መርፌ አልነግርሽም፤ እዚህ ከደረስሽ ያንን ታውቂዋለሽ።

1ኛ፦ በክንፉ ብቻ አትተማመኚ። ፎቶ አይተው «ይሄማ አዲስ ነው!» እያሉ የሚያጨበጭቡልሽንም አትስሚ። ብዙ ጊዜ ዝርያው የሚለየው በመራቢያ አካሉ ነው። ሆዱን ቆርጠሽ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ታሳድሪዋለሽ፣ ሥጋው ይሟሟል፣ ጠንካራው ክፍል ይቀራል። እሱን ከድሮዎቹ ሆሎታይፖች (ዝርያው ስም ሲወጣለት የስሙ መለኪያ ተብለው ከተቀመጡት ናሙናዎች) ጋር ታስተያዪዋለሽ። የአፍሪካ የድሮ ሆሎታይፖች ብዙዎቹ ለንደን፣ ፓሪስና በርሊን ነው ያሉት፤ ስለዚህ ኢሜይል መጻፍ ግድ ነው። አትፈሪ። ለእኔ አንዱ የውጭ ሙዚየም ፎቶውን በሳምንቱ ላከልኝ። እዚህ አገር ቤት ግን…

2ኛ፦ ፈቃድ። ለዲኤንኤ አንድ እግር ትነቅያለሽ፤ የሚነበበው 658 የዲኤንኤ ፊደል የምታህል ቁራጭ ናት። እግሩን ውጭ ለመላክ ግን የአገር የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። ሕጉን እደግፈዋለሁ፤ ስንቱ ነገራችን ማንም ሳይጠይቀን ወጥቷል። ያቃጠለኝ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት መስኮት ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። ደብዳቤዬን አንብቦ ጓደኛውን ጠራና «የቢራቢሮ እግር ሊልክ ነው እኮ የመጣው» አለው፤ ተሳሳቁብኝ። ቢራቢሮ አይደለም ብል ደግሞ ባሰባቸው። «ነገ ና» ሰባት ወር ሆነ። አንዴ ማኅተም የሚመታው ሰው ስብሰባ ነው፣ አንዴ ፋይሉ ሌላ ክፍል ነው። ምክሬ አጭር ነው፦ ማመልከቻሽን ዛሬ አስገቢ፣ ኮፒው ላይ ቀንና ፊርማ አስደርጊ፣ እስኪመልሱልሽ ግን ሥራሽን እንዳታቆሚ። እኔ አቆምኩ።

3ኛ፦ ይህ ነው ዋናው። ያኔ አምስት ሴትና አንድ ወንድ ነበረኝ። አንድ ወንድ ብቻ! በዚያ ወገን ደግሞ ዝርያው የሚለየው በወንዱ ነው። «ደብዳቤው ይምጣና ሁሉንም አንድ ላይ እሠራዋለሁ» ብዬ ሆዱን ሳልከፍተው ሳጥኑን ተከራይቼበት ከነበረው ቤት ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። ደብዳቤው በመጣ ዕለት በደስታ ሳጥኑን ከፈትኩት። ከሁሉም መርፌ ስር ዱቄት። ክንፎቹ ወድቀዋል፣ ሆድ የሚባል ነገር የለም። አንዲት ጠጉራም እጭ ደግሞ ጥጋብ ላይ ሆና ትንቀሳቀሳለች። አንትሬነስ የምትባለው ጥንዚዛ ልጅ ናት፤ ደረቅ ነፍሳት ቀለቧ ነው። እኛ ናፍታሊን የምናስበው ልብስ በብል እንዳይበላ ነው። ብል ራሱ የእሳት እራት መሆኑን ሳስብ እስካሁን ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን አላሳቀኝም።

የተረፈኝ ቀደም ብዬ ነቅዬ አልኮል ውስጥ ያስቀመጥኩት እግር ብቻ ነበር። በእግር ብቻ ደግሞ ስም አይወጣም። በሚቀጥለው ሚያዝያ ተመልሼ ሄድኩ፤ ጨረቃ በሌለችበት ስድስት ሌሊት ዝናብ ላይ ቆሜ ያገኘሁት ሴት ብቻ ነው። የጫካው ጠባቂ «ዘንድሮም ለዚችው ነው የመጣኸው?» ይለኛል። በሦስተኛው ዓመት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ወንድ አቡጀዲው ላይ አረፉ። መጀመሪያ ያየው ጠባቂው ነው፤ እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። በማግሥቱ ከተማ ገብቼ ሆዱን ከፈትኩ፣ ለማይክሮስኮፕ የሚሆን ስላይድ ሠራሁ፣ በሳምንቱ የነፍሳት ስብስብ ያለው ተቋም አስገባሁት። ዲኤንኤውም ከዚያች ከተረፈችው እግር ጋር ገጠመ።

ጽሑፉ ላይ የምትጠነቀቂው ጥቂት ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. በኋላ ለሚወጣ ስም ሆሎታይፑ የትኛው እንደሆነና የት እንደተቀመጠ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ስሙ አይቆጠርም። መጽሔቱ በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ዙባንክ በሚባለው የእንስሳት ስም መዝገብ ላይ አስመዝግቢ፣ ቁጥሩም ጽሑፉ ውስጥ ይግባ። መመረቂያ ጽሑፍሽ ላይ ስሙን አትጻፊ፣ «ዝርያ ሀ» በዪው፤ መጽሔት ላይ ሳይወጣ ስሙን መበተን ጣጣ ነው። በራስሽ ስም መሰየም ክልክል አይደለም፣ ግን ይሳቅብሻል። እኔ በጠባቂው ስም ሰየምኳት። ጽሑፉን አትሜ ስወስድለት «ይህቺ ግራጫ ነገር እኔ ነኝ?» አለኝ፤ አሁን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያል።

ለመሆኑ ስንት ወንድ አለሽ? ሳጥኑስ የት ነው ያለው? እንደ እኔ ቁም ሳጥን ላይ ከሆነ መልስ ሳትጽፊልኝ አሁኑኑ አውርደሽ እዪው።