የደንበኛችሁን ኪስ የሚሞላው አዝመራው ነው

ልጆች፣

መሬቱ ለወንድማማች ተሸንሽኖ አላዳርስ ሲል ወፍጮ፣ ብየዳ፣ ልብስ ስፌት ብታስቡ አይፈረድባችሁም። በቻይና እ.ኤ.አ. በ1978 የገጠር ድርጅቶች 28 ሚሊዮን ያህል ሠራተኛ ነበራቸው፤ በ1996 ቁጥሩ 135 ሚሊዮን ደረሰ። እዚያም ቢሆን መንገዱን የከፈተው እርሻው ነው፤ የገበሬው ምርት ሲጨምር ገዢም ቆጣቢም ተገኘ። «ከእርሻ ወጣሁ» የሚል ወጣት ደንበኛው እንዳልወጣ ይረሳል።

ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት 12ቱን ወራት ወረቀት ላይ ዘርዝሩ። ሰው መቼ ይሸጣል? እጁ መቼ ያጥረዋል? ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ ሳታስቀሩ አትግዙ። ብዙው ሥራ የሚሞተው ገንዘቡ በሙሉ ብረት ላይ ውሎ የነዳጅ መግዣ ሲጠፋ ነው።

ወፍጮን እንይ። ድንጋዩ ሲለሰልስ ዱቄቱ እየሻከረ ይግላል። መውቀር፣ ማለትም የድንጋዩን ፊት እየመቱ መልሶ ማሻከር፣ የሰነፈ ባለቤት ድንጋዮቹን አጥብቆ ያቀራርባቸዋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቺንጋው እየተንሸራተተ ይቃጠላል። እርጥበቱ ከ14 በመቶ ያለፈ እህልም ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፤ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ካላለ ደርቆ ይምጣ በሉ። ከወቀራ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት የድንጋይ ብናኝ ስላለበት ይደፋል። የትንሽ ናፍጣ ሞተር ዘይት ብዙውን ጊዜ በ100 ሰዓት ገደማ ይቀየራል፤ ሰዓቱን ያልመዘገበ ሰው ግን መቶኛው መቼ እንደሞላ በምን ያውቃል? ማሽኑ 5000 ሰዓት ይሠራል ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ዋጋውን ለ5000 አካፍሉና ለሠራበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ያንን ያህል ለብቻው አስቀምጡ። ያ ትርፍ አይደለም፤ የሚቀጥለው ማሽን ነው።

«ዱቤ ፈጽሞ አትስጡ» የሚል ምክር ገጠርን ከማያውቅ ሰው የመጣ ነው። ስጡ፣ ግን በልክ፦ ከወሩ ሽያጭ ከአንድ አምስተኛ አይለፍ፣ ስሙና የመክፈያው ጊዜ ይጻፍ፣ የፊተኛው ሳይከፈል ሁለተኛ አይጨመር። ከባዱ ተበዳሪ ቤተሰብ ነው። ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ፤ ለዘመድ የምትሰጡት ከደመወዛችሁ ይውጣ እንጂ መሳቢያው አይነካ።

ጎረቤት የተከለውን ወፍጮ አይቶ ያንኑ መትከል የተለመደ ነው፤ ገበያው ለሁለት ይከፈልና ሁለቱም ይከስማሉ። ወፍጮ ባለበት ቦታ ወቃሪ፣ ሞተር ጠጋኝ፣ ቺንጋና ፊልትሮ አቅራቢ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ለዚያ የሚያስፈልገው መነሻ የወፍጮውን ያህል አይደለም፤ ባለወፍጮውም ተቀናቃኝ መሆኑ ቀርቶ የመጀመሪያ ደንበኛችሁ ይሆናል።