ባክቴሪያ ከመግዛትሽ በፊት

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሐኪምሽ እዚያው ሐረር «አይ ቢ ኤስ ነው» ብሎሻል፤ በምርመራ የሚታይ ቁስል ሳይኖር አንጀት ለዓመታት የሚታወክበት ሕመም ማለት ነው፤ ሆድሽ እየተነፋ መቁረጥ ከጀመረሽ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ አሁን ደግሞ ውጭ አገር ያለችው የአክስትሽ ልጅ የፕሮባዮቲክ ካፕሱል፣ ማለትም ለአንጀት ይጠቅማል የሚባል ሕያው ባክቴሪያ ያለበት እንክብል፣ ልላክልሽ ብላሻለች። ይረዳኛል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው ትያለሽ። እኔ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው፤ ከዚህ ሕመም ጋር ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ካፕሱሉን ግን ሞክሬዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ትልቅ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ከስሕተቱ ልጀምርልሽ።

የእኔ የጀመረው ከአንድ ሠርግ ማግስት ነው። ከበላነው ብዙዎቻችንን ተቅማጥ ያዘን፤ ሌሎቹ በሳምንት ዳኑ፣ የእኔ ሆድ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ከእንዲህ ዓይነቱ የአንጀት ኢንፌክሽን በኋላ ከ10 ሰው አንዱ ያህል አይ ቢ ኤስ እንደሚቀርበት ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ አሜባ። ሆዴ በጮኸ ቁጥር ሰገራ እሰጣለሁ፣ «አሜባ አለብህ» እባላለሁ፣ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ይዤ እወጣለሁ። በኋላማ ምርመራውንም ትቼ በቀጥታ ከፋርማሲ መግዛት ጀመርሁ። ባለቤቴ ባዶ ማሸጊያዎቹን መሳቢያ ውስጥ አጠራቅማ አንድ ቀን ፊቴ ደረደረቻቸው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ወስጃለሁ።

በኋላ ያገኘሁት የውስጥ ደዌ ሐኪም ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳኝ። በማይክሮስኮፕ ብቻ ሲታዩ፣ በሽታ የሚያመጣው አሜባና ምንም የማይጎዳው ዘመዱ አይለዩም። መድኃኒቱ ደግሞ የሚገድለው አሜባን ብቻ አይደለም፤ ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል። አብዛኞቹ የአንጀታችን ባክቴሪያዎች እንዲህ ያሉ ናቸው። ለካ እኔ የሌለ ጠላት እያሳደድሁ የራሴን ወገን ስፈጅ ኖሬአለሁ! ስለዚህ ካፕሱሉን ከማሰብሽ በፊት ይህን መልሺልኝ፤ በእነዚህ ሦስት ዓመታት ስንት ጊዜ እንዲህ ያለ መድኃኒት ወስደሻል? (ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትኩሳት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እውነተኛ አሜባ መታከም አለበት።)

ወደ ካፕሱሉ ስመጣ፣ ወንድሜ በሻንጣው ያመጣልኝን ሁለት ዓይነት ሞክሬአለሁ። የመጀመሪያው ቢፊዶባክቴሪያ የሚባለው ዓይነት ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት የሆዴ መነፋት ቀለል አለልኝ፣ ቁርጠቱ ግን ያው ነበር። ሁለተኛው የብዙ ባክቴሪያ ድብልቅና ውድ ነበር፤ ምንም አላደረገልኝም። ባለሙያዎቹም አልተስማሙም። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ለአይ ቢ ኤስ ፕሮባዮቲክ ከጥናት ውጭ እንዳይሰጥ መከረ፤ የብሪታንያዎቹ በ2021፣ መሞከር የፈለገ እስከ 12 ሳምንት ይሞክር፣ ለውጥ ካላየ ያቁም አሉ። እኔ የብሪታንያዎቹን ይዣለሁ። ልጅቱ ልትልክልሽ ከሆነ አንድ ዓይነት ብቻ ትላክ፤ የጀመርሽበትን ቀን ጻፊ፤ በዚያው ሰሞን ምግብሽን አትቀይሪ፤ ያለዚያ የረዳሽ የትኛው እንደሆነ አታውቂም። አንዳንዱ ካፕሱል ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ባክቴሪያው ሕያው ነውና ሙቀት ይገድለዋል። ሐረር ይሻላችኋል፤ በድሬዳዋ የሰኔ ሙቀት መብራት ሲጠፋ ግን የእኔ ሁለተኛ ብልቃጥ ሞቶ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

«እንጀራ የቦካ ነው፣ ራሱ ፕሮባዮቲክ ነው» የሚሉሽን አትስሚ፤ ባክቴሪያው ምጣድ ላይ ያልቃል። እርጎ ይሻላል፣ ወተቱ አስቀድሞ ከተፈላ። ጥሬ የግመል ወተት ጠጪ የሚሉሽም ይኖራሉ፤ ብሩሴሎሲስ የሚባል ከእንስሳት የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ ሊያሲዝሽ ይችላልና እባክሽ ሳታፈዪ እንዳትጠጪ።

ስለ ሰገራ ንቅለ ተከላም ጠይቀሻል፤ የጤነኛ ሰው ሰገራ ተዘጋጅቶ ወደ ሕመምተኛው አንጀት የሚገባበት ሕክምና ነው። በ2020 ኖርዌይ ውስጥ ከአንድ በጥንቃቄ ከተመረጠ ለጋሽ ተወስዶ ለብዙ ሕመምተኞች ተሰጥቶ በጣም ጥሩ ውጤት ታይቶ ነበር። በ2018 የታተመው የዴንማርክ ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳይቶ ነበር፤ ባዶ ካፕሱል የዋጡት የተሻለ ተሰማቸው። በ2019 ደግሞ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ በዚህ መንገድ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ተላልፎበት ሰው መሞቱን አስታውቋል። በቤት ውስጥ እንሞክር የሚልሽ ካለ ሽሺው።

ሪፋክሲሚን የሚባል ከአንጀት ብዙም የማይወጣ አንቲባዮቲክም አለ፤ አሜሪካ ውስጥ በ2015 ተቅማጥ ለሚበዛበት አይ ቢ ኤስ ተፈቅዷል፤ ለ14 ቀን ይወሰዳል። በ2011 በታተመው ጥናት ከወሰዱት 100 ሰዎች 41 ያህሉ ቀለል ሲላቸው፣ ባዶ እንክብል ከወሰዱት ደግሞ 32 ያህሉ ቀለል ብሏቸዋል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ትንሽ ግን ነው። እኔ አልወሰድሁትም፤ ያለ ሐኪም የሚነካም አይደለም።

እኔን በእውነት የረዳኝ ወጥ ቤቴ ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ገብስና ጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ስኳር መሰል ነገር አንጀታችን አይፈጨውም፤ ባክቴሪያዎቹ ያቦኩትና ጋዝ ይሆናል። ለዚህ ነው በዐቢይ ጾም፣ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሽሮና ምስር ስበላ፣ ሆዴ እንደ ከበሮ የሚወጠረው። ለአምስት ሳምንት እነዚህን አቆምሁ፤ ስገዛው የነበረውን ድብልቅ እንጀራ ትቼ ንጹሕ ጤፍ ብቻ በላሁ። ባለቤቴ ወጡን ያለ ሽንኩርት ስትሠራ መጀመሪያ አዝና ነበር፤ በኋላ ግን ያ ስኳር በውኃ እንጂ በስብ እንደማይሟሟ ሰማንና ከሽንኩርት ጋር ተነጥሮ በደንብ የተጣራው ቅቤ ሽታውን መለሰልን። ምስሩንም ዘፍዝፋ፣ ቀቅላ፣ ውኃውን ደፍታ ትሠራዋለች፤ ጥቂት ሲሆን ይስማማኛል። ሁሉንም ለዘለዓለም አትተዪ፤ ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎችም የሚበሉት ይህንኑ ነውና እነ ቢፊዶባክቴሪያም ይቀንሳሉ። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይበቃል፤ ከዚያ አንድ በአንድ መልሺ።

ድርቀት ሲይዘኝ በቀን አንድ ማንኪያ ተልባ በብዙ ውኃ እወስዳለሁ። ጫትም ያደርቃል፤ ከበርጫ ማግስት ቁርጠቴ እንደሚብስ ማስታወሻዬ ላይ በግልጽ አየሁትና ተውሁት።

እህቴ፣ አንድ ነገር ግን እንዳትዘነጊ። ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ፣ ሳትፈልጊ ከከሳሽ፣ ደም ማነስ ከተባልሽ፣ ሌሊት ተቅማጥ ከእንቅልፍሽ ከቀሰቀሰሽ ወይም ትኩሳት ከተመላለሰብሽ፣ እኔ የጻፍሁትን ሁሉ ትተሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። አይ ቢ ኤስ እነዚህን አያመጣም።

ካፕሱሉ ሲደርስሽ በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን የባክቴሪያ ስም እዚህ ጻፊልን፤ እኔ የወሰድሁት ዓይነት ከሆነ ቀን በቀን የጻፍሁትን ማስታወሻ አካፍልሻለሁ።