ተዳፋት ላይ የመኪና ማቆሚያ፦ የወጪ ግምት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 10 በመቶ ተዳፋት ባለው መሬት ላይ 20 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ልሠራ ነው። ግምቱን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከአፈሩ ይጀምሩ፤ አስፋልቱ ይቆይዎት። ለአንድ መኪና 2.5 በ5 ሜትር፣ ለመተላለፊያ 6 ሜትር ይያዙ። በየወገኑ 10 መኪና ሲቆም ቦታው 25 በ16፣ ማለትም 400 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሜዳ ቢሆን በካሬ ዋጋ አባዝቶ መጨረስ ይቻል ነበር። ተዳፋት ላይ ግን ገንዘቡን የሚበላው ቁፋሮው፣ ግንቡና ውሃው ነው።

ጥያቄ፦ የማቆሚያው አቅጣጫ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በጣም! መሬቱን ፍጹም ደልዳላ ለማድረግ አይድከሙ፤ 4 በመቶ ዝንባሌ ይተዉለት (የአካል ጉዳተኞች ቦታ ግን ከ2 በመቶ አይብለጥ)። የሚስተካከለው 6 በመቶው ብቻ ነው። 25 ሜትሩን ርዝመት በተዳፋቱ ላይ አግድም ካስያዙት፣ በ16 ሜትሩ ላይ የ96 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይቀራል። ከላይ ቆርጠው ታች ሲሞሉ ጫፍ ላይ 48 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቁፋሮውም 0.5 × 8 × 0.48 × 25 = 48 ሜትር ኩብ። ያንኑ ቦታ ቁልቁል ቢያዞሩት 75 ሜትር ኩብ ይደርሳል፤ የጫፉ ከፍታም 75 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ጥያቄ፦ አንድ ኮንትራክተር አፈሩን በ5 ምልልስ አወጣለሁ ብሎ ነበር፤ አሁን 7 ጠየቀኝ። ተታለልኩ?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ሥርና ብስባሽ ያለበት የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ለሙሌት ስለማይሆን ተገፎ ይወጣል፤ 80 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ሲቆፈር ግን 25 በመቶ ያህል ያብጣል፤ 100 ሜትር ኩብ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ 7 ምልልስ ነው። 80ውን ሳያሳብጥ ለ16 ያካፈለ ሰው 5 ይላል። ሲጠቀጠቅ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የተቆረጠው 48 ሜትር ኩብ ከሙሌቱ 10 በመቶ ያህል ሊያንስ ስለሚችል፣ ቁፋሮው ጨምሮ ሙሌቱ እንዲቀንስ የማቆሚያውን ከፍታ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ የድጋፍ ግንቡስ? ከፍታው እጥፍ ቢሆን ዋጋውም እጥፍ ነው?

መልስ፦ ከእጥፍም ያልፋል። የአፈሩ ግፊት በከፍታው ስኩዌር፣ ግንቡን የሚገለብጠው ኃይል ደግሞ በኩብ ያድጋል፤ 1 ሜትሩ 2 ሲሆን መገልበጫው 8 እጥፍ ነው። ስለዚህ ቦታ ካለዎት ጠርዙን በተዳፋት ይጨርሱት። ግንብ የግድ ከሆነ ከጀርባው 30 ሴንቲ ሜትር ጠጠርና የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች በግምቱ ይግቡ። ብዙ ግንብ የሚወድቀው ከኋላው ውሃ ሲጠራቀም ነው፤ ይህን ወጪ ለመቆጠብ ማሰብ ትልቅ ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ ሙሌቱ እንዳይንሸራተትስ?

መልስ፦ ነባሩን መሬት በደረጃ ይቁረጡት፤ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እየሞሉ፣ ውሃ እያጠጡ በሮለር ይጠቅጥቁ። በአንዴ የተደፋ ሙሌት ታችኛው ክፍሉ ሳይጠቀጠቅ ይቀርና በክረምት ሰምጦ አስፋልቱን ይሰነጥቃል።

ጥያቄ፦ የዝናቡ ውሃ?

መልስ፦ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ካሬ ሜትሩ ብቻ 20 ሜትር ኩብ ውሃ ያወርዳል። ከዳገቱ የሚመጣውን ከላይ በኩል ቦይ ቆፍረው ያስቀይሱት።

ጥያቄ፦ አስፋልቱና ላልታሰበ ወጪ የሚያዘው መጠባበቂያ ገንዘብስ?

መልስ፦ 5 ሴንቲ ሜትር አስፋልት 48 ቶን ገደማ ነው፤ ከሥሩ 20 ሴንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ጠጠር 80 ሜትር ኩብ ነው፤ ሳይጠቀጠቅ ሲጫን ግን ስለሚበዛ 104 ሜትር ኩብ ይዘዙ። መጠባበቂያው ሦስት ቦታ 2 ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው አፈሩን ካዩ 10 በመቶ፣ ካላዩ 20 በመቶ ይሁን፤ ቋጥኝ ቢወጣ የቁፋሮው ዋጋ በአንዴ ይለወጣልና።