የእንስሳ ጠባይ በፈተና ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የአሳማ ግልገልን በጀርባው አስተኝቶ ጠባዩን ማወቅ ይቻላል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ኮምቦልቻ ያሉት አጎቴ በግ ያደልባሉ፣ ለሳቸውስ ይሆናል?

መልስ፦ ፈተናው አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ያስለመዱት ነው። ግልገሉን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጀርባው አስተኝተው ለ60 ሰከንድ ቀስ አድርገው ይይዙትና ለማምለጥ ስንት ጊዜ እንደተወራጨ ይቆጥራሉ። ከ2 ጊዜ በላይ ከታገለ «ተከላካይ» ይሉታል፣ ከ2 በታች ከሆነ «የማይከላከል»፤ ልክ 2 ከሆነ አጠራጣሪ ነው።

ቀላል ነው አይደል? እዚህ ጋ ግን ተጠንቀቅ። ዝም ያለ ሁሉ የተረጋጋ አይደለም፣ በፍርሃት የደነዘዘም ዝም ይላል። ደግሞ ዛሬ የታገለው ሌላ ቀን ላይታገል ይችላል፣ ስለዚህ በአንድ ፈተና ብቻ ጠባዩ ይህ ነው ብሎ መደምደም ልክ አይመስለኝም። አዲስ ዕቃ በረት ውስጥ አስቀምጦ ማን ቀድሞ ይጠጋዋል፣ ሰው ሲገባስ ማን ይሸሻል ብሎ ማየትም ያስፈልጋል።

ለአጎትህ በጎች ማገላበጡን ተወው። ያ ቁጥር የተሠራው ለአሳማ ነው። በግን በጣም የሚያስጨንቀው ከመንጋው መነጠል ነው፣ አውስትራሊያ ውስጥ ሜሪኖ በጎችን ሲፈትኑም ለአጭር ጊዜ ለብቻ ሳጥን ውስጥ አስገብተው ምን ያህል እንደሚወራጩ ይለካሉ። አጎትህ ሳጥን አያስፈልጋቸውም። ጠዋት መኖ ሲያቀርቡ ቶሎ የሚመጣውንና የሚበረግገውን ይለዩ፣ በሌላ ቀንም ደግመው ይዩ። የሚበረግገውን በዱላ አይንዱት፣ ረጋ ብለው ይቅረቡት።