በማታ ክፍል ጎልማሳ ለምታስተምሩ ልጆች

ይድረስ በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በጊዮርጊስ ዙሪያ ጎልማሶችን ፊደል ለማስቆጠር ለተነሣችሁ ወጣቶች፤

ተማሪያችሁ ስትቀር "ሰነፈች" ከማለታችሁ በፊት ሰዓቷን ቁጠሩላት። ድህነቱም፣ ሴትነቱም፣ የመጣችበት ወገንም ክፍላችሁ ውስጥ የሚታዩት በሰዓቷ በኩል ነው። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ እራት አቅርባ፣ ዕቃ አጥባ ካልጨረሰች አትወጣም። ጉልት የምትቸረችር እናት ሽንኩርቷ የሚሸጥላት ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ነው። ክፍሉን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከከፈታችሁ በሁለቱም ላይ ዘጋችሁት። ለጉልቷ ገበያው የሚቀዘቅዝበት ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ለቤት ሠራተኛዋ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይሻላል። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ ቤቱ ከተማው ዳር፣ እንጀራው መሐል ከተማ የሆነ ሰው አለ፤ ሲመሽ ልቡ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ውስጥ ማንበብ የሚችሉት ወንዶች 69፣ ሴቶች 42 በመቶ ነበሩ። በልጅነቱ ማን ትምህርት ቤት፣ ማን ውሃ ቅጂ እንደተላከ ከዚህ ይታያል።

በዕድሜ የሚበልጧችሁን "እርስዎ" በሉ፤ "እትዬ"፣ "ጋሼ" ማለት አይክበዳችሁ። በልጅ ፊት የተሳሳተ ጎልማሳ በማግስቱ ላይመጣ ይችላል።

የመጀመሪያው ቀን የፊደል ገበታ አትስቀሉ። 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ገና ሲያዩት ያስደነግጣል። ስሟን በትልቁ ጻፉላት። አልማዝ ከሆነች ከ"ማ" ተነሥታችሁ የ"መ"ን ቤት ዘርዝሩ። ካዕብ (ሙ) ወገቡ ላይ፣ ሣልስ (ሚ) እግሩ ሥር ጭረት፣ ኃምስ (ሜ) እግሩ ሥር ቀለበት እንዳለው በጣቷ እየነካች ትይ። "ረ" እና "ፈ" አመለኞች ናቸው፤ ይቆዩ። ብዙ አስተማሪ የሚሳሳተው ሳድስ (ም) ላይ ነው፤ ቅርጹ ሕግ የለውም፣ ድምፁም አንዴ ይሰማል አንዴ ይዋጣል። እዚያ ላይ ሳምንት ቢያልፍ አይክፋችሁ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ድምፃቸው የተደገመ ስለሆነ ለመጨረሻ ይቀመጡ፤ በሳምንት ሁለት ቤት ከሄዳችሁ የቀሩት 28ቱ በ14 ሳምንት ያልቃሉ። መጥበቅና መላላት እንደማይጻፍም ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ "ገና" በዓሉም "ገና ነው"ም በአንድ ፊደል ነው። ይህ ካልተነገረ ጥፋቱ የእነሱ ይመስላቸዋል።

ሒሳብ እንደ ሕፃን ከአንድ አትጀምሩ። የጉልቷ እናት በቃሏ ከእናንተ ፈጥና ትደምራለች። የምትሰናከለው አጻጻፉ ላይ ነው፤ "አንድ ሺህ አምስት" ሲባል 10005 ትጽፋለች፣ የሰማችውን በተራው እያስቀመጠች። የብር ኖት አምጡና የሺህ፣ የመቶ፣ የአስርና የአንድ ቤት በአራት አምድ አስምሩላት።

ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ወረቀቱን ክንዱን ዘርግቶ ከያዘ ችግሩ ዓይኑ ነው፤ ማንበቢያ መነጽር ሳያገኝ "አልገባኝም" ቢላችሁ አትመኑ።

ስለ ወገን ደግሞ። በአሜሪካ፣ ደቡብ ካሮላይና፣ በ1740 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ባሪያን መጻፍ ማስተማር በቅጣት ከልክሏል። ባርነት ከቀረም በኋላ ጥቁሮች ድምፅ እንዳይሰጡ በንባብ ፈተና ይጣሉ ነበር፤ እስከ 1965 እ.ኤ.አ. የመምረጥ መብት ሕግ ድረስ። በዚያው ክፍለ ግዛት በጆንስ ደሴት በ1957 እ.ኤ.አ. ከሱቅ ጀርባ ክፍል የከፈተችው በርኒስ ሮቢንሰን ፀጉር ሠሪ ነበረች። መጀመሪያ ምን መማር እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው፤ ስማቸውን መጻፍ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ፣ የዕቃ ማዘዣ ቅጽ መሙላት አሏት። ከዚያ ጀመረች። እኛ ዘንድ የቆዳ ቀለም ባይሆንም ሸማኔን፣ ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭን በሥራው መናቅ የቆየ ነው፤ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ቀልድ ሲወረወር ዝም ካላችሁ የተነካው ሰው ይቀራል። ቋንቋም እንዲሁ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደር ወደ 15 ቋንቋዎች የሰፋው በማያውቁት ቋንቋ ፊደል መቁጠር እጥፍ ሥራ ስለሆነ ነው። ስለዚህ "በየትኛው ቋንቋ ማንበብ ይፈልጋሉ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ስልኳን አስወጧት። የቴሌብር መልእክት ስትቀበል ለጎረቤት ልጅ የምታስነብብ ሴት ብዙ ጊዜ የሚስጥር ቁጥሯንም ሰጥታዋለች። ከመልእክቱ ሦስት ነገር ብቻ ለይታ ታንብብ፦ የገባው ነው የወጣው፣ ስንት ነው፣ ቀሪው ስንት ነው። ይህን የቻለች ቀን የሚስጥር ቁጥሯን ራሷ ትቀይር።

"ፊርማ አስተምሩን" ብለው በመጀመሪያው ሳምንት ይለምኗችኋል፤ አቆዩት። በጣቷ የምታትም ሴት "ምን ይላል?" ብላ ትጠይቃለች፣ የሚያስፈርመውም ቢያንስ ማንበብ ይገደዳል። መፈረም ብቻ የቻለች ግን ታነባለች ተብላ ወረቀቱ ዝም ብሎ ይሰጣታል። ቀን፣ የገንዘብ ልክና "ተቀብያለሁ" የሚለውን ቃል ከወረቀት ላይ ፈልጋ ስታገኝ፣ ያኔ እስክሪብቶውን ስጧት።